በባትሪ የሚሠራ ትንሽ የጊታር አምፕ፦ ከባዶ መሥራትና ማሻሻል

የኤሌክትሪክ ጊታር ገዝቶ አምፕ መግዛት ያልቻለ ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው ጊታሩን ኮምፒውተር ስፒከር ላይ መሰካት ነው። ይሰማል፤ ግን ድምፁ የታፈነ፣ ሕይወት የሌለው ነው። ብዙዎች «ጉልበት አንሶት ነው» ይላሉ። አይደለም። የጊታር አምፕን ድምፅ የሚወስኑት ሁለቱ ጫፎች ናቸው፤ የጊታሩ ምልክት የሚገባበት በርና ድምፁ የሚወጣበት ስፒከር። እነዚህ ሁለቱ ከተስተካከሉ መሃል ላይ ያለው ማጉያ ግማሽ ዋት ብቻ ቢሆንም መኝታ ቤት ውስጥ ከበቂ በላይ ነው።

ስለዚህ እዚህ የምንሠራው አምፕ ትንሽ ነው። በ9 ቮልት ባትሪ ይሠራል፣ መብራት ቢሄድም ልምምዱ አይቋረጥም፣ ግድግዳ ላይ ካለው 220 ቮልት ጋር ስለማይገናኝም ለጀማሪ አያሰጋም። ክራር ላይ ፒካፕ (የክሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ ምልክት የሚለውጥ ዕቃ) ለጥፋችሁ የምትጫወቱ ከሆነም ይኸው አምፕ ይሠራላችኋል። እንዲያውም ለክራር የበለጠ ይጠቅማል፤ ምክንያቱን በኋላ እነግራችኋለሁ።

ልቡ፦ ኤልኤም386

ኤልኤም386 ባለ 8 እግር ትንሽ አይሲ ነው፤ ሙሉ ማጉያ በአንድ ጥቁር ቁራጭ ውስጥ የታሸገበት። መጀመሪያ ያወጣው ናሽናል ሴሚኮንዳክተር ነበር፤ ኩባንያውን ቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ እ.ኤ.አ. በ2011 ገዝቶታል። ርካሽ ነው፣ መርካቶ የኤሌክትሮኒክስ መለዋወጫ የሚሸጡ ሱቆች ውስጥ ጠይቁ። ከስሙ በኋላ የሚመጣውን ቁጥር ግን እዩ። 1 ወይም 3 የሚል ከሆነ ከ4 እስከ 12 ቮልት ይሠራል፤ 4 የሚል ከሆነ እስከ 18 ቮልት ይችላል። ለኛ ሥራ 3 የሚለው ጥሩ ነው፤ በ9 ቮልት 8 ኦም ስፒከር ላይ እስከ 0.7 ዋት ገደማ ይሰጣል። ዝም ብሎ ሲቀመጥ የሚበላው 4 ሚሊ አምፔር አካባቢ ነው።

ምልክቱን በራሱ 20 ጊዜ ያጎላል። በእግር 1 እና በእግር 8 መካከል 10 ማይክሮ ፋራድ ካፓሲተር ሲገባ ወደ 200 ጊዜ ይወጣል። ይህን ያዙት፤ የማሻሻያው ግማሽ የሚመጣው ከዚህ ነው።

አንድ ድካም አለው። መግቢያው 50 ኪሎ ኦም ብቻ ነው። የጊታር ፒካፕ ደግሞ ረጅም ቀጭን ሽቦ የተጠመጠመበት ነገር ስለሆነ 50 ኪሎ ኦም ሲሸከም ይደክማል፤ መጀመሪያ የሚጠፋው ቀጭኑ፣ የሚያብረቀርቀው ድምፅ ነው። ኮምፒውተር ስፒከር ላይ የሰማችሁት የታፈነ ድምፅም ምንጩ ይኸው ነው። ፒካፕ የሚፈልገው 1 ሜጋ ኦም አካባቢ ነው። ኢንተርኔት ላይ የሚዞሩ ብዙ «በ5 ደቂቃ የሚሠራ አምፕ» ስዕሎች ጊታሩን ቀጥታ አይሲው ላይ ይሰካሉ፤ እኔ አልመክረውም። ከፊቱ አንድ ጄፌት ትራንዚስተር እናስቀምጣለን። ጄፌቱ ድምፁን አያጎላም፣ ሥራው ምልክቱን ሳይጫነው ተቀብሎ ማሳለፍ ብቻ ነው። የዋጋውን ያህል ለውጥ የሚያመጣ ሌላ ክፍል እዚህ ውስጥ የለም።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

አይሲው ከባለ 8 እግር ሶኬቱ ጋር። ሶኬቱን አትዝለሉት፤ አይሲው ሳይበየድ ስለሚገባ አይቃጠልም፣ ሲበላሽም በቀላሉ ይቀየራል። ጄፌት ኤምፒኤፍ102 ወይም 2ኤን5457። ሬዚስተሮች፦ 1 ሜጋ ኦም (ቡናማ፣ ጥቁር፣ አረንጓዴ)፣ 3.9 ኪሎ ኦም (ብርቱካናማ፣ ነጭ፣ ቀይ)፣ 10 ኦም (ቡናማ፣ ጥቁር፣ ጥቁር)። ትንንሽ ካፓሲተሮች፦ 47 ናኖ ፋራድ ሦስት (ላያቸው ላይ 473 የሚል)፣ 100 ናኖ አንድ (104)፣ 220 ናኖ አንድ (224)። ባለ ፕላስና ማይነስ ካፓሲተሮች፦ 10 ማይክሮ ፋራድ ሁለት፣ 220 ማይክሮ ሁለት፣ ሁሉም 16 ቮልትና ከዚያ በላይ። የነጭ ወይም የግራጫ መስመሩ ጎን ማይነስ ነው።

ከዚህ ሌላ 10 ኪሎ ኦም ማዞሪያ፣ 1ኤን4001 ዳዮድ፣ ስቴሪዮ የጊታር ጃክ፣ የ9 ቮልት ባትሪ መያዣ፣ ባለ ቀዳዳ ቦርድ፣ ቀጭን ሽቦ። ማልቲሜትር የግድ ነው። ያለ ማልቲሜትር የሚሠራ ሰው የሚሠራው በግምት ነው።

ስፒከሩ 8 ኦም ይሁን። ከተበላሸ ቴሌቪዥን ወይም ቴፕ የወጣ ይበቃል። ስንት ኦም እንደሆነ ካልተጻፈበት ማልቲሜትሩን በኦም አድርጋችሁ ለኩት፤ ከ6 እስከ 7 ኦም ገደማ ካነበበ ባለ 8 ኦም ነው። 3 ወይም 4 ካነበበ ባለ 4 ኦም ነው፣ አይሲውን ስለሚያሞቀው ተዉት። ወረቀቱ መቀደዱንና መጠምጠሚያው መሻከሩን በእጅ ፈትሹ። ሁለት ጣት መሃሉ ላይ አድርጋችሁ በቀስታ ወደ ውስጥ ስትገፉት ካንኳኳ ወይም ከተፋተገ ሌላ ፈልጉ።

መጀመሪያ ብሬድቦርድ ላይ

ከመበየድ በፊት ሁሉን ነገር ብሬድቦርድ (ዕቃው ሳይበየድ የሚሰካበት ሰሌዳ) ላይ ገጣጥማችሁ ስሙት። አይሲውን በላዩ ላይ ያለው ቅርጥ ወይም ነጥብ ወደ ግራ ሆኖ ስታዩት ከታች በግራ በኩል ያለው እግር 1 ነው፤ ከታች ወደ ቀኝ 2፣ 3፣ 4 ይላል፤ ከላይ ከቀኝ ወደ ግራ 5፣ 6፣ 7፣ 8 ብሎ ይመለሳል።

ከአይሲው ጀምሩ።

እግር 2 እና እግር 4 ወደ ግራውንድ (የባትሪው ማይነስ የሚገናኝበት የጋራ መስመር)። እግር 6 ወደ ፕላስ። ከእግር 6 ወደ ግራውንድ አንዱን 220 ማይክሮ እና 100 ናኖውን አስገቡ፤ ለእግሩ በተቻለ መጠን ቅርብ ይሁኑ። ከእግር 7 ወደ ግራውንድ አንዱን 10 ማይክሮ፣ ፕላሱ ወደ እግር 7። እግር 1 እና 8ን ለጊዜው ተዉአቸው።

እግር 5 መውጫ ነው። ከእግር 5 ሁለተኛውን 220 ማይክሮ አስገቡ፣ ፕላሱ ወደ እግር 5፤ ማይነሱ ወደ ስፒከሩ ፕላስ ይሄዳል፣ የስፒከሩ ማይነስ ወደ ግራውንድ። አሁንም ከእግር 5 አንድ 47 ናኖ፣ ከእሱ ጫፍ 10 ኦም፣ ከዚያ ግራውንድ። ይህ ጥንድ ትርፍ ይመስላል፣ ግን ስፒከሩ ጆሮ በማይሰማው ከፍተኛ ድግግሞሽ አይሲውን እንዳያስጮኸው የሚይዘው እሱ ነው። የአይሲው መሞት ብዙ ጊዜ የሚመጣው ይህን ከመዝለል ነው።

አሁን መግቢያው። ጄፌቱን ጠፍጣፋው ፊት ወደ እናንተ፣ እግሮቹ ወደ ታች አድርጉት፤ ከግራ ወደ ቀኝ ድሬን፣ ሶርስ፣ ጌት ነው። አምራቹ ከተለያየ ሊቀያየር ስለሚችል የገዛችሁትን በዳታሺቱ አረጋግጡ። ድሬኑ ወደ ፕላስ። ከሶርሱ 3.9 ኪሎ ወደ ግራውንድ። ከጌቱ 1 ሜጋ ወደ ግራውንድ። የጊታሩ ምልክት በ47 ናኖ አልፎ ወደ ጌቱ ይገባል። ከሶርሱ ደግሞ በ220 ናኖ አልፎ ወደ ድምፅ ማዞሪያው ይሄዳል።

ማዞሪያውን ዘንጉ ወደ እናንተ፣ እግሮቹ ወደ ታች አድርጋችሁ ያዙት። የግራው እግር ወደ ግራውንድ፣ የቀኙ ከ220 ናኖው ጋር፣ የመሃሉ ወደ አይሲው እግር 3። ግራና ቀኙ ከተቀያየረ አምፑ ይሠራል፣ ግን ወደ ቀኝ ስታዞሩት ድምፁ ይቀንሳል።

መብራት ከመስጠት በፊት

አይሲውን አውጡት። ባትሪውን ሰክታችሁ የሶኬቱን ወይም የብሬድቦርዱን እግር 6 ከግራውንድ ጋር ለኩ፤ 9 ቮልት አካባቢ መሆን አለበት። የጄፌቱ ሶርስ ላይ ከ1 እስከ 4 ቮልት የሆነ ነገር ታገኛላችሁ። ዜሮ ወይም ሙሉ 9 ካነበበ ጄፌቱ ተገልብጧል ወይም ተቃጥሏል።

ባትሪውን ነቅላችሁ አይሲውን አስገቡ፣ መልሳችሁ ሰኩ። እግር 5 ላይ ለኩ። የባትሪው ግማሽ፣ 4.5 ቮልት ገደማ ካነበባችሁ አይሲው ጤነኛ ነው። እዚህ ነጥብ ላይ የሚነበበው ቁጥር ስለ አምፑ ከየትኛውም ሌላ ልኬት በላይ ይነግራችኋል። ወደ 0 ወይም ወደ 9 ከተጠጋ ወዲያው ባትሪውን ንቀሉ። ከዚያ ማልቲሜትሩን በሚሊ አምፔር አድርጋችሁ ከባትሪው ፕላስ ጋር በተከታታይ አስገቡት፤ ማንም ሳይጫወት ከ10 በታች መሆን አለበት። 50 ወይም 100 ከሆነ አይሲው በማይሰማ ድግግሞሽ እየጮኸ ነው፤ የ10 ኦሙን ጥንድ ፈትሹ።

ጊታሩን ሰኩ፣ ማዞሪያውን ከታች ጀምራችሁ ቀስ ብላችሁ አንሡት። ንጹሕ፣ ክፍት ድምፅ መስማት አለባችሁ። ለማነጻጸር ጄፌቱን ዝለሉና ጊታሩን በ220 ናኖው በኩል ቀጥታ ማዞሪያው ላይ ስጡት። ልዩነቱን በመጀመሪያው ኮርድ ትሰማላችሁ።

ወደ ቦርድ ማዛወር

መበየዱን በዝርዝር አልሄድበትም፤ እርሳሱን መበየጃው ጫፍ ላይ ሳይሆን የሞቀው እግር ላይ አቅልጡት፣ የበየዳችሁት ነጥብ የሚያብረቀርቅ ይሁን፣ ደብዛዛና ጉብ ያለ ከሆነ ድገሙት።

የምጨነቀው ስለ ግራውንድ ነው። ከስፒከሩ የሚመለሰው ኃይለኛ ሞገድ ከጊታሩ ደካማ ምልክት ጋር በአንድ ቀጭን ሽቦ ላይ ከተጓዘ ምልክቱ ውስጥ ይገባል፤ ውጤቱ ፉጨት ወይም ጉምጉምታ ነው። ስለዚህ የስፒከሩን ማይነስ፣ የ220 ማይክሮውን ማይነስና የመግቢያውን ግራውንድ ለየብቻ እስከ እግር 4 አምጡና እዚያ አገናኟቸው። የመግቢያውን ሽቦና የስፒከሩን ሽቦ አጎን ለጎን አታስኪዱ። ከጃኩ እስከ ቦርዱ ያለው ሽቦ ከአንድ ጣት ከረዘመ የተሸፈነ ኬብል ተጠቀሙ፤ የተበላሸ የማይክ ኬብል ቆርጦ መጠቀም ይቻላል።

የስቴሪዮ ጃኩ ጥቅም እዚህ ላይ ነው። ሦስት እግር አለው። የጫፉ እግር የጊታሩን ምልክት ይወስዳል፣ የዕቃው አካል የሆነው ግራውንድ ነው፣ መሃል ያለው ቀለበት ደግሞ በተለምዶ ባዶ ይቀራል። የባትሪውን ማይነስ ቀለበቱ ላይ በይዱት። የጊታር ፕላግ ሞኖ ስለሆነ ሲገባ ቀለበቱንና ግራውንዱን ያገናኛቸዋል፣ አምፑ ይበራል። ስትነቅሉት ይጠፋል። ለብቻው ማብሪያ መግዛት አያስፈልግም። ኬብሉን ሰክታችሁ እንዳታድሩ ብቻ፤ ሳትጫወቱም ባትሪው በከንቱ ይበላል።

ዳዮዱን ከባትሪው ፕላስ ቀጥሎ አስገቡት፣ የብር መስመሩ ወደ አምፑ። ባትሪው ተገልብጦ ቢነካ አይሲውን ያድንላችኋል። 0.7 ቮልት ገደማ ይወስዳል፣ ችግር የለውም።

ሳጥኑና ስፒከሩ

አንድ ሙከራ አድርጉ። ስፒከሩን በእጃችሁ ይዛችሁ ጊታሩን ምቱት። ቀጭን፣ እንደ ስልክ ያለ ድምፅ ይሰማችኋል። አሁን ካርቶን ላይ በስፒከሩ ልክ ቀዳዳ ቁረጡና ስፒከሩን ከኋላ አስጠጉበት። ወፍራሙ ድምፅ በአንድ ጊዜ ይመጣል። ስፒከሩ ወደ ፊት አየር ሲገፋ ከኋላው እየሳበ ስለሆነ፣ መሃላቸው ግድግዳ ከሌለ ሁለቱ ይጠፋፋሉ። ሳጥን የሚያስፈልገው ለውበት ብቻ አይደለም።

15 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ኤምዲኤፍ ወይም ጣውላ ይበቃል። የድሮ የእንጨት ሬዲዮ ሳጥን ካገኛችሁ የበለጠ ነው፤ ግን ውስጡ አምፖል የሚመስሉ የመስታወት ቲዩቦች ካሉት እና ከመብራት የሚሠራ ከሆነ እራሳችሁ አትክፈቱት። ከመብራት ከተነቀለ በኋላም ካፓሲተሮቹ ውስጥ በመቶዎች የሚቆጠር ቮልት ሊቀር ይችላል፣ ሰው ይገድላል። ሥራውን ለሚያውቅ ጠጋኝ ስጡት። ከኋላ ሳጥኑን በከፊል ክፍት ተዉት፤ ትንሽ ስፒከር ሙሉ በሙሉ በተዘጋ ትንሽ ሳጥን ውስጥ ይጨናነቃል።

ገንዘብ ካላችሁ ደግሞ ስፒከሩ ላይ አውጡት። እውነተኛ ባለ 12 ኢንች የጊታር ስፒከር በ1 ዋት በ1 ሜትር ርቀት 97 እስከ 100 ዴሲቤል ይሰጣል። የትንሽ ሬዲዮ ስፒከር 85 አካባቢ ላይ ነው። የ10 ዴሲቤል ልዩነት ብቻውን ጉልበቱን 10 ጊዜ እንደማሳደግ ነው። ጓደኛችሁ ትልቅ አምፕ ካለው የሱን ካቢኔት ስፒከር ለአንድ ምሽት በዚህ አምፕ ሞክሩት። ግማሽ ዋት ስንት እንደሆነ ያኔ ይገባችኋል።

ማሻሻያዎች

*የማጉላት መጠኑን ማሳደግ።* በእግር 1 እና 8 መካከል የቀረውን 10 ማይክሮ አስገቡ፣ ፕላሱ ወደ እግር 1። በመሃል 1 ኪሎ ኦም ማዞሪያ በተከታታይ ብታስገቡ ከ200 እስከ 50 አካባቢ በእጃችሁ ታስተካክሉታላችሁ። ማብሪያ ብትጨምሩበት ሙሉ በሙሉ ወደ 20 ይመለሳል። 200 ላይ ሁልጊዜ የተሰነጠቀ የሮክ ድምፅ ነው የሚሰጠው፤ ይህ ጉድለት አይደለም፣ ሒሳቡ ነው። በ9 ቮልት መውጫው ወደ ላይም ወደ ታችም የሚሄደው 3.5 ቮልት ገደማ ነው። በ200 ሲጎላ 20 ሚሊ ቮልት እንኳ ጣሪያውን ይነካል፤ ጊታር ደግሞ በጣም ከዚህ በላይ ይሰጣል። ትዝታን በንጹሕ ድምፅ መጫወት የሚፈልግ ሰው 20 ላይ ይቆይ።

*ወፍራሙን ድምፅ መቆጣጠር።* ከሶርሱ ወደ ማዞሪያው ያለው 220 ናኖ ከ72 ኸርዝ ጀምሮ ያሳልፋል፤ የጊታሩ ወፍራም ክር 82 ኸርዝ ላይ ነው። ስፒከራችሁ ትንሽ ከሆነ ይህን ሁሉ መሸከም አይችልም፣ ይንኮሻኮሻል። በቦታው 47 ናኖ ብታስገቡ ከ340 ኸርዝ በታች ያለው እየቀነሰ ይሄድና ድምፁ ጠራ ይላል። ስፒከራችሁ ትልቅ ከሆነ በተቃራኒው የመውጫውን 220 ማይክሮ ወደ 470 አሳድጉት፤ በ8 ኦም የመቁረጫው ነጥብ ከ90 ወደ 42 ኸርዝ ይወርዳል። ሁለቱን ካፓሲተሮች በዚህ መንገድ መቀያየር ከማንኛውም የቶን ማዞሪያ ይልቅ የአምፑን ባሕርይ ይለውጣል።

*ለክራር።* ከሰዓት ወይም ከአላርም የሚወጣው ክብ የናስ ፒየዞ ርካሽ ፒካፕ ነው። ባለ 27 ሚሊ ሜትሩ 20 ናኖ ፋራድ ገደማ አለው። 50 ኪሎ ኦም ላይ በቀጥታ ሲሰካ ከ160 ኸርዝ በታች ያለውን ያጣል፤ ክራሩ ክሩ እንጂ ሆዱ የሌለው ይመስላል። በኛ 1 ሜጋ ኦም መግቢያ ላይ ግን ነጥቡ ወደ 10 ኸርዝ አካባቢ ይወርዳል፣ የቆዳው ድምፅ ይመጣል። ፒየዞውን ከድልድዩ እግር አጠገብ በስስ ባለ ሁለት ፊት ፕላስተር ለጥፉት፣ ቦታውንም እየሰማችሁ አንቀሳቅሱት።

*ኃይሉ።* ባለ 9 ቮልቷ አራት ማዕዘን ባትሪ ቶሎ ታልቃለች። ሁለት 18650 ሊቲየም ባትሪ በተከታታይ ብትጠቀሙ ሲሞሉ 8.4 ቮልት ይሰጣሉ፣ ለዚህ አይሲ ልክ ነው። የሁለት ባትሪ መከላከያ ቦርድ የሌለው ግን አትጠቀሙ፤ ሊቲየም ሾርት ሲያደርግ እሳት ያነሣል። የግድግዳ አዳፕተር ከሆነ 9 ቮልት የተስተካከለ ይሁን። የድሮ ከባድ ትራንስፎርመር ያላቸው አዳፕተሮች «12 ቮልት» ቢሉም ጭነት ሳይኖር 16 ሊደርሱ ይችላሉ፤ አይሲው ይሞታል። የጊታር ፔዳል አዳፕተር ከሆነ ደግሞ መሃሉ አብዛኛውን ጊዜ ማይነስ ነው፣ የቤት ዕቃ አዳፕተር መሃሉ ፕላስ ነው። ለኩና ሰኩ።

ሲያስቸግር

ጉምጉምታ ካለ መጀመሪያ አዳፕተሩን በባትሪ ቀይሩት። በባትሪ ከጠፋ ጥፋቱ አዳፕተሩ ነው። በባትሪም ካለና የጊታሩን ክር በእጅ ስትነኩ ከተለወጠ ችግሩን ጊታሩና ኬብሉ ላይ ፈልጉ። ኢትዮጵያ ውስጥ የሚሰማው 50 ኸርዝና እጥፉ 100 ነው፤ አሜሪካ ላላችሁ 60 እና 120።

እንደ ሞተር ጀልባ «ቱቱቱቱ» ካለ ኃይሉ ከመውጫው ወደ መግቢያው እየተመለሰ ነው። ባትሪው ሲደክምም ይመጣል። አዲስ ባትሪ ሞክሩ፣ የእግር 7ን ካፓሲተር ፈትሹ፤ ካልቀረ ጄፌቱን ከፕላሱ በ1 ኪሎ ኦም ለዩትና ከድሬኑ ወደ ግራውንድ 47 ማይክሮ ጨምሩ።

የሬዲዮ ጣቢያ ከሰማችሁ ከጌቱ ፊት 1 ኪሎ ኦም በተከታታይ አስገቡ፣ ከጌቱ ወደ ግራውንድ ደግሞ 100 ፒኮ ፋራድ። ማዞሪያውን ስታዞሩ ብቻ የሚንኮሻኮሽ ከሆነ ማዞሪያው ቆሽሿል ወይም ርካሽ ነው፣ ቀይሩት።

ከዚህ በኋላ የበለጠ ጉልበት ካስፈለገ

ከከበሮ ጋር ለመጫወት ግማሽ ዋት አይበቃም። ያኔ ቲዲኤ2003ን እመክራለሁ፤ በድሮ የመኪና ቴፖች ውስጥ በብዛት ይገኛል፣ ከ8 እስከ 18 ቮልት ይሠራል፣ በ14.4 ቮልት 4 ኦም ላይ 6 ዋት ይሰጣል። የመኪና ወይም የሶላር ባለ 12 ቮልት ባትሪ ካላችሁ ቀጥታ ይስማማዋል፤ ከባትሪው ፕላስ ላይ 2 አምፔር ፊውዝ አድርጉ። የጄፌቱ ክፍል፣ ማዞሪያው፣ ጃኩ፣ ሳጥኑ ሁሉ እንዳለ ይቀጥላል፤ የሚቀየረው አይሲውና በዙሪያው ያሉት ክፍሎች ናቸው። ጀርባውን የእጅ መዳፍ በሚያህል አሉሚኒየም ላይ በቡሎን እሰሩት። የብረት ጀርባው ከግራውንድ ጋር የተገናኘ ስለሆነ መከለያ ሚካ አያስፈልገውም፣ ነጭ የሙቀት ቅባት ብቻ ቀቡት። አሥር ደቂቃ ጮክ አድርጋችሁ ከተጫወታችሁ በኋላ አሉሚኒየሙን ንኩት፤ ጣት ማቆየት ካልቻላችሁ የበለጠ ትልቅ ቁራጭ ፈልጉለት።